የፍሬን ሽቦ በማርሽ ቦታ

የላውንደሪው ልብስ አመላላሽ ሴት ሳይክሏን እየገፋች ሳይክል ሠሪው ደጃፍ የደረሰችው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። ለራሷ ብላ አልነበረም የመጣችው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የታጠበና የተተኮሰ ልብስ በዚህ ሳይክል ስታደርስ ኖራ፣ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ለተተኪዋ ልታስረክብ ነው። የላውንደሪው ባለቤት፣ "የማርሹን ሽቦ ከነሽፋኑ ቀይረሽ አስረክቢ፤ ልጅቷ ገና በመጀመሪያው ቀን እንዳታማርርብኝ" ስላለቻት ነው።

ሥራዋን የምትለቀው በቀኝ እጇ የተነሣ ነው። አውራ ጣቷ መድከም ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ በየቀኑ የምትወጣው ዳገት ሥር ስትደርስ ማርሽ መቀየር ከበዳት። ቀጥሎ ቁልፍ መቆለፍ፣ ቀጥሎ ጥቅል ማሰር። እናቷንም የጀመራት እንዲሁ ነበር። ከአውራ ጣቷ ተነሥቶ ክንዷ ድረስ ወጣና በመጨረሻ ማንኪያ መያዝ አቅቷት፣ ልጆቿ እያጎረሷት ነው የሞተችው። ስለዚህ ሴትዮዋ ሐኪም ዘንድ አልሄደችም። የምታውቀውን ነገር ምን ብላ ትጠይቅ? ተራዬ ደረሰ ብላ ተቀበለችው። ማርሹን በመዳፏ መግፋት ለመደች። መዳፏ ሲያብጥባት ደግሞ ዳገቱን ወርዳ እየገፋች መውጣት ጀመረች። ልብስ እየዘገየ ደንበኛ ሲያጉረመርም፣ ባለፈው ሳምንት ራሷ የላውንደሪው ባለቤት ፊት ቆማ፣ "እትዬ፣ እጄ ሞቷል። ሰው ፈልጊ" አለቻት።

ሳይክል ሠሪውን ሰፈርተኛው የሚጠራው "ፕሮፌሰር" እያለ ነው። ጎማ ሊያስነፋ የመጣን ሰው እንኳ ሳያስተምር አይለቅማ።

"ምን ዓይነት ሽቦ ላድርግልሽ?" አላት።

"ርካሹን።"

"ርካሽም እኮ ዓይነት አለው።"

"ወንድሜ፣ እኔ ልለቀው ነው። ሽቦ ሽቦ ነው፤ የሆነውን አድርግበት።"

"ሽቦ ሽቦ ነው? ማነው እንዲህ ያለሽ?"

"ባሌ። ይሄንንም ያስገባው እሱ ነው።"

ፕሮፌሰር "እንግዲያው ገባኝ" ብሎ ጎንበስ አለና የማርሹን መቀየሪያ በአውራ ጣቱ ገፋው። አልሄደም። ቀና ብሎ አያት። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና በሁለት አውራ ጣቶቹ ደርቦ ገፋው። የአንገቱ ሥር ተገተረ። መቀየሪያው እያቃሰተ ትንሽ ሄደና ቆመ።

"አንቺ ሴትዮ፣ በምንሽ ነው ይሄን ስትቀይሪ የኖርሽው?"

"በእጄ ነዋ! በጥርሴ ልልህ ነው?"

"እየቀለድኩ አይደለም። እኔ የዛገ ብሎን በጣቴ የምፈታ ሰውዬ እኮ አቃተኝ!"

ሴትዮዋ ልትስቅ ብላ ነበር፤ የሰውዬውን ፊት ስታይ ግን ተወችው።

ፕሮፌሰር ሽቦውን በጉጠት ይዞ ከሽፋኑ ሊመዘው ጎተተ። በግድ ወጣ፤ ዝገቱ መሬቱ ላይ እንደ በርበሬ ተበተነ። ሽፋኑንም ቆርጦ ጫፉን አሳያት።

"ተመልከቺ። እንደ እስክሪብቶ ሞላ የተጠመጠመ ነው አይደል? ይሄ የፍሬን ሽፋን ነው። ሽቦውም የፍሬን፣ ወፍራም። የማርሽ ሽፋን ውስጡ ቀጥ ቀጥ ያሉ ቀጫጭን ሽቦዎች ነው ያሉት፤ የሚገባበትም ቀጭን ሽቦ ነው። ባልሽ የሽቦውን ጭንቅላት በሞረድ ሞርዶ ነው አስገድዶ ያስገባው። መቼ ነው የሠራልሽ?"

ለመመለስ አፏን ከፈተች። ያን ቀን ዝናቡ ሊያባራ ሲል ነበር፤ ባሏ በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ "ለሽቦ ብለሽ ሱቅ አትሂጂ፣ ከአሮጌው ሳይክል የተረፈ አለኝ" ብሎ እየሞረደ። እሷም መርቃው ነበር።

"ሁለት ዓመት" አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

ያበጠውን መዳፏን አየት አድርጎ፣ "እጅሽስ ከታመመ?" አላት።

ክው አለች። ከእጇ ላይ ዓይኗን መንቀል አቃታት። በቀን ስንት ጊዜ ነው ማርሽ የምትቀይረው? ዳገቱ ብቻውን አሥር ጊዜ ያስቀይራል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከብረት ጋር ስትታገል ኖራ ጣቴ ሞተ ብላ ቀብራዋለች! የእናቷን እጅስ ማን መረመረው? ማንም። እናቷም የእናቴ በሽታ ነው ብላ ነበር የተቀመጠችው። ይሄን ስታስብ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ዘፍ አለች።

"ውኃ ልስጥሽ እንዴ፣ እህቴ?"

"ውኃው ይቅር። ለማርሽ የሚሆኑትን አምጣልኝ። ሁሉንም።"

ሁለት ዓይነት ሽፋንና አንድ ቀጭን ሽቦ አመጣ። ሽቦውን በሁለቱም ውስጥ በተራ እያስገባች፣ በዚያው በታመመው አውራ ጣቷ እየገፋች ሞከረች። አንደኛው ውስጥ ሻከረባት። ሁለተኛው በውስጡ ላስቲክ አለው፤ ሽቦው በራሱ እንደሚሄድ ሁሉ ሸርተት ብሎ በዚያኛው ጫፍ ብቅ አለ።

"ይሄ" አለች።

ፕሮፌሰር መሪውን እስከ መጨረሻው ወዲያና ወዲህ አዙሮ ርዝመቱን ለካ። ሽፋኑን ቆረጠ፣ የተጨፈለቀውን ጫፍ በወስፌ ከፈተ፣ ሽቦውን አስገብቶ አጠበቀ። "በይ ሞክሪው" አላት።

እንደ ልማዷ ጥርሷን ነክሳ፣ ትከሻዋን ሰብስባ ገፋች። መቀየሪያው ሳታስበው ከጣቷ ሥር አምልጦ ጥግ ድረስ ሄደ፤ ወደ ፊት ልትደፋ ምንም አልቀራት።

"ቀስ! አሁን እኮ የሚታገልሽ የለም" አለ ፕሮፌሰር።

ላውንደሪው ስትደርስ አምስት ተኩል ሆኗል። ባለቤትየዋ አንሶላ እያጣጠፈች ነበር።

"እትዬ፣ አልለቅም።"

"ምን? ሰው ቀጠርኩ እኮ! እጄ ሞቷል ብለሽ ያለቀስሽብኝ አንቺ አይደለሽም?"

"እጄ አልሞተም። ሽቦው ነው።" ሁሉንም ሳትተነፍስ ነገረቻት። ባለቤትየዋ ያጣጠፈችውን አንሶላ መልሳ ዘረጋችው፤ ምን እንደምትሠራ ጠፍቷት።

"አላምንሽም። ዳገቱ ላይ ላለው ሆቴል ይሄን ጥቅል አድርሺና ከስድስት በፊት ተመለሽ፤ ያኔ እንነጋገራለን።"

ዳገቱ ሥር ደረሰች። መቀየሪያውን በአውራ ጣቷ ነካ አደረገችው፤ ማርሹ ታዘዘ። ጣቷ ያማታል፣ ሁለት ዓመት የተጎዳ ጣት ባንድ ቀን አይድንም፤ ቢሆንም ሠራ። መሐል ላይ ሁልጊዜ የምትወርድበትን የመብራት ምሰሶ አለፈችው። ማለፏን ያወቀችው ካለፈችው በኋላ ነው፤ ደንግጣ ወደ ኋላ ዞር ስትል ከሳይክሉ ልትወድቅ ነበር።

ስትመለስ ባለቤትየዋ በር ላይ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። ለስድስት አሥር ጉዳይ ነበር።

"ልጅቷን መተኮሻው ላይ አስገባታለሁ" አለች ቀስ ብላ። "አንቺ ግን ነገ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ያቺን እጅሽን አሳዪ። ባልሽን አታስከትዪ፣ እጅሽንም ሞርጄ ላስተካክል ይል ይሆናል።"

"እሺ እትዬ" አለች። ወዲያው የከሰዓቱን ጥቅል ከጠረጴዛው ላይ ሳብ አድርጋ ሌላ ሰው ሳይነካው ሳይክሏ ላይ ጫነችው።