በቁሙ የተለቀሰለት ጓደኛዬ

ይህ የገጠመኝ በደርግ ጊዜ፣ በዚያ በድርቁ ዓመት ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ አጻጻፌ ቢንሻፈፍ አንባቢ ይታገሠኝ። ነገሩን ግን አልረሳውም። አንዲት እናት በእኔ ሩጫ ልትሞት ነበር።

ካሴ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ያገናኘን የበግ ንግድ ነው። እኔ የደብረ ታቦር አካባቢ ሰው ነኝ፤ እሱ ከገሳይ ወዲህ፣ ዳገት ላይ ካለች መንደር ነው። አንገቱ ሥር እብጠት ወጣበትና ነቀርሳ ነው ተባለ። በዚያን ጊዜ ነቀርሳ ማለት ተስካርህን ደግስ ማለት ነበር። ካሴ ግን አዲስ አበባ ሄዶ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ወራት ቆይቶ ሐኪሞቹ “ድነሃል” ብለው ሸኙት። መጥቶ እኔ ቤት ተቀመጠ። “እናቴ እንዲህ ከስቼ አታየኝም፤ ትንሽ ሥጋ ልልበስ” አለ።

በዚያው ሰሞን ለተራቡት እህል ለማሰባሰብ ሩጫ ይደረጋል ተባለ፤ ከገሳይ እስከ ደብረ ታቦር። ከየገበሬ ማኅበሩ አንድ ሰው ይሮጣል። ሯጩ ሳያቋርጥ ከገባ ማኅበሩ ገብስ ይሰጣል። የእኛዎቹ እኔን መረጡ፤ በግ ስነዳ የሚደርስብኝ አልነበረምና።

ካሴ አሰልጣኜ ሆነ። በበቅሎዬ ተቀምጦ ከኋላዬ ይከተለኛል።

“አንተ ታከለ! ያረገዘች ላም ትቀድምሃለች እኮ!”

“በቅሎ ላይ ተቀምጦ ማን ይሰንፋል!” እለዋለሁ።

እንዲህ እያልን ከረምን። እሱም ወዙ ተመለሰ፣ ፊቱ ሞላ። ካሴ ድኖ ቅዳሜ ይመጣል ብለን በገበያተኛ ወደ እናቱ ላክን። እናቱ እመይቴ በላይነሽ ጠላ ጠመቁ፣ በግ አሳረዱ፣ መንደሩን ጠሩ። እኔም መንገዱ ልምምድ ይሆነኛል ብዬ፣ እሱ በበቅሎ እኔ በሩጫ፣ ሊነጋጋ ሲል ወጣን።

ፀሐይ ወጥታ ሲሞቀኝ ጋቢዬን ወገቤ ላይ ታጠቅሁት። ወደ መንደሩ ስንቃረብ የኮርቻው ማሰሪያ ተበጠሰ።

“አንተ ሩጫህን አታቋርጥ፤ ቋጥሬው እደርሳለሁ” አለኝ ካሴ። ትቼው ዳገቱን ወጣሁ።

እንግዲህ በእኛ አገር ጎልማሳ ሰው ለልምምድ ብሎ አይሮጥም። የሚሮጥ ሰው ወይ ቤቱ ተቃጥሏል፣ ወይ ከብቱ ተነድቷል፣ ወይ መርዶ ይዟል። ጋቢም ወገብ ላይ የሚታጠቀው ለለቅሶ ነው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ግን የሚሮጥ ሰው ራሱን አያይም።

“ታከለ ነው! ብቻውን ነው! ታጥቋል!” አለች አንዲት ሴት ከአጥሩ ላይ። እልል ሊሉ የተሰበሰቡት ሁሉ ደረታቸውን ይመቱ ጀመር።

ግቢው ስደርስ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ቃል አልወጣኝም። የለም፣ አይደለም ለማለት እጄን አወዛወዝኩ፤ ባሰባቸው። ወደ መንገዱ ጠቆምኩ፤ ጎረምሶች ቃሬዛ ይዘው ሬሳ ሊቀበሉ ወረዱ። እመይቴ በላይነሽ አልጮኹም። ከመደቡ ተንሸራተው መሬት ላይ ተቀመጡ።

“እደጄ ደርሶ?” አሉ። “እደጄ ደርሶ?”

ወዲያው ዓይናቸው ተገለበጠ። ውሃ ቢረጩባቸው አልነቁም። ተንበርክኬ እጃቸውን ስይዘው ቀዝቅዟል። በስንት መከራ “ካሴ ደህና ነው! ከኋላዬ ነው!” ብዬ ጮህኩ። በዚያ ለቅሶ መካከል ማን ይስማኝ!

ካሴም ከታች ሆኖ ለቅሶውን ሰምቶ እናቴ ሞተች ብሏል። በቅሎዋን እዚያው ተዋት። ያ ሐኪም ቀስ እያልክ ሂድ ያለው ሰው ዳገቱን በሩጫ ወጣው። ቃሬዛ የያዙትን ጎረምሶች ሳያያቸው አለፋቸው፤ እነሱም ቃሬዛውን ወርውረው ተከተሉት። ከበሩ ሲገባ ግቢው ጭጭ አለ።

“እማ!” አለ እግራቸው ሥር ወድቆ። “እማ፣ እኔ ነኝ።”

እመይቴ ዓይናቸውን ቀስ ብለው ገለጡ። ብዙ አዩት። ከዚያ አንገቱ ላይ ያለውን ጠባሳ ደባበሱ።

“እዚህ ነበር?”

“አዎ እማ። ወጥቶ ተጥሏል።”

“በል ተነሥ፤ ቁመትህን ልየው።”

ተነሣ። እልልታው ያን ጊዜ ቀለጠ። እኔ ሹልክ ልል ስል እመይቴ ዞሩብኝ።

“አንተን ደግሞ ማን አባረረህ?”

“እመይቴ፣ የሩጫ ልምምድ ነው። ለተራቡት እህል እንዲሰጥ ልሮጥ ነው።”

“ለተራቡት ከሆነስ ደግ። ግን ሁለተኛ ጋቢ ታጥቀህ በደጄ ብትሮጥ ውሻ ነው የምለቅብህ!”

ካሴ ጠላውን ይዞ ቀኑን ሙሉ በአልቃሾቹ ላይ ሲያላግጥ ዋለ። “አንቺ አዛሉ፣ ድምፅሽ እታች ድረስ ተሰምቶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። አያ ደሴ ግን ዓይንህ ደረቅ ነው!”

“እኔ የመጣሁት ለበጉ ነው!” አለ አያ ደሴ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያንን ሩጫ ሳላቋርጥ ገባሁ፤ ማኅበሩም ገብሱን ሰጠ። እመይቴ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ ካሴም ሽበት አብቅሎ የልጅ ልጅ አየ።

የእመይቴን ቀዝቃዛ እጅ ሳስብ ዛሬም እደነግጣለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አልክድም። ግን እውነቱን ልናገር፤ ሐኪሞቹ ድነሃል አሉኝ ሲለኝ አንገቴን ነቀነቅሁ እንጂ ልቤ አላመነም ነበር። ካሴ መዳኑን ያመንኩት ያን ዳገት ጨርሶ ከበሩ ሲገባ ሳየው ነው። ትንፋሹ ከእኔ ይሻል ነበር።