ተራውን የሚጠብቀው በር

የካቲት ነበር። ወይስ ሰኔ? ጓደኛዬ ሰኔ ነው ትላለች፤ እኔ ግን ያን ሰሞን ጫማችን ወደ ኮሪደሩ ጭቃ ሳይሆን አቧራ ሲያስገባ ነው የሚታወሰኝ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በሰኔ በር በእርጥበት ያብጣል። በየካቲት ያበጠ በር ካለ ግን አንድ ሰው አሳብጦታል ማለት ነው።

በሩን ያሳበጡት፣ አሳብጠውት ከሆነ፣ እትዬ ሳንቃ ናቸው። ስማቸው ሌላ ነበር፤ በዩኒቨርሲቲያችን የጥገና ክፍል ብቸኛዋ ሴት አናጢ ስለነበሩ ተማሪው ያወጣላቸው ቅጽል ነው። አጠር፣ ሰፋ ያሉ፣ እርሳስ ከጆሯቸው የማይጠፋ። ሲስቁ ድምፅ አያሰሙም፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ሙያውን የተማሩት ከአባታቸው ነው። የክፍሉ አለቃ ግን ከወንበር እግር በቀር አያስነካቸውም ነበር።

«በር የወንድ ሥራ ነው፤ ይከብዳል» ይላቸዋል።

«እውነትህን ነው የኔ ጌታ፤ እናንተ ተቀምጣችሁ ስበሩት፣ እኔ ልጠግን።»

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሽቶው የምንለው መምህር ነበር። መምጣቱን ከዓይን በፊት አፍንጫ ያውቀዋል። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያማክራቸውን ወንዶች ኮሪደር ላይ ቆሞ ያነጋግራል፤ ሴቶቹን ግን ሠራተኛው ሲወጣ ይቀጥርና በሩን ይዘጋል። አንዷ እጁን ከጉልበቷ ላይ ብታነሳ ውጤቷ አብሮ ወረደ። አቤት አለች። ዲኑ «ምስክር አለሽ? ከሌለሽ ጉዳዩ ተራውን ይጠብቃል» አሏት። ከተዘጋ በር ኋላ ምስክር ከየት ይመጣል?

ቀጥሎ የተጠራችው ጓደኛዬ ናት፤ ለማግስቱ፣ አሥራ አንድ ተኩል። ያለ እሱ ፊርማ አትመረቅም። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስታለቅስና እኔ የማይረባ ምክር ስመክራት፣ እትዬ ሳንቃ የተሰበረ ወንበር ታቅፈው ሲወርዱ አጠገባችን ቆሙ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ እትዬ» አልኩ።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ እንባ ለማን ነው?»

ነገርናቸው። ወንበሩን በሦስት እግሩ አቁመው፣ እንደ ምንም ሚዛን ጠብቀው ተቀመጡበት።

«ያ ቡናማው በር ነው አይደል?» አሉ። «እሱ በር ጤና የለውም። ሳያብጥ አይቀርም። ነገ ሂጂ፣ ልጄ። ብትቀሪ ለሌላ ቀን ነው የሚቀጥርሽ።»

በማግስቱ ጠዋት ሽቶው ሲመጣ ቢሮው አፉን ከፍቶ ጠበቀው። መቃኑ አለ፣ በሩ የለም። ስሞታውን የሰማው አለቃ ወደ አናጢዎቹ ክፍል በረረ። በኋላ እዚያው የነበሩት እንዳወሩልን እንዲህ ተባባሉ፦

«እትዬ፣ ይሄን በር ማን አውልቁ አለዎት?»

«አብጦ ነበራ። ሰውየው ሁልጊዜ እየገፋ ሲዘጋው እጁን እንዳይጎዳ ብዬ ነው።»

«ብቻዎን ተሸክመው?»

«ይከብዳል ብለኸኝ ነበር። ዋሽተኸኛል።»

«በሉ አሁኑኑ ይመለስ።»

በሩ ከተቆለሉት ስብርባሪ ዴስኮች ኋላ ተደግፏል። «እነዚህ ይቀድሙታል» አሉ። «ዲኑስ ምን ይላሉ? ሁሉም ተራውን ይጠብቃል።»

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ጓደኛዬ ገባች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌያለሁ። እትዬ ሳንቃ ጎንበስ ብለው መቃኑን በሜትር ይለካሉ። የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊም፣ እሳቸው ሹክ ብለዋት ነው መሰለኝ፣ ቦርሳዋን አንግታ ወደ ቤቷ ሳትሄድ ቀርታለች። ሽቶው ቢያንሾካሹክም በር የሌለው ክፍል ምሥጢር አይቋጥርም።

«እዚህ አይመችም። ጽሑፍሽን እኔ ቤት ብናየው ይሻላል። ብቻሽን ነይ። መመረቅ ትፈልጊ የለ?»

«ስንት ሰዓት ትምጣ?» አሉ እትዬ ሳንቃ፣ ቀና ሳይሉ። «ዲኑ ሲጠይቁን እንዳንሳሳት ነው።»

ጸሐፊዋ ሳቋን በቦርሳዋ አፈነች። ከውስጥ የሽቶው ሽታ ብቻ ወደ እኛ መጣ።

ዲኑ የጠየቁት ምስክር ተገኘ፣ ከነትርፉ። ያቺ ተራ ስትጠብቅ የነበረች አቤቱታም ከጓደኛዬ ቃል ጋር አብራ ታየች። ሽቶው ከማስተማር ታገደ፤ ጓደኛዬም ሌላ አማካሪ ተመድቦላት ተመረቀች። በሩ ወደ ቦታው ሲመለስ መካከሉ ላይ ሰፊ መስታወት ገብቶበት ነበር። ከዚያ ወዲያ ጸሐፊዎቹ ከየቢሮው «የኛም በር አብጧል» እያሉ መጥራት ጀመሩ። አለቃው ወገቤን ያመኛል ብሎ በሩን ሁሉ ለእትዬ ሳንቃ ለቀቀላቸው።

ባለፈው ሳምንት አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አገኘኋቸው። ፀጉራቸው ሸብቷል፤ ጡረታ ቢወጡም እርሳሱ ጆሯቸው ላይ አለ።

«ያቺ ግድግዳ ደጋፊ አይደለሽም እንዴ? ጓደኛሽስ?»

እሷም እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ መምህር መሆኗን፣ ተማሪ ስታማክር በሯን ወለል አድርጋ እንደምትከፍተው ነገርኳቸው።

«ብርድ ይመታታል፣ እብድ። መስታወቱን ለምን አስገባሁት?»

ያን ሁሉ ዓመት ያብሰለሰልኩትን ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት አውቶቡሱ ደረሰ። የካቲት ነበር ወይስ ሰኔ፣ በሩ እውነት አብጦ ነበር? እሳቸው ግን ቀልጠፍ ብለው ተሳፈሩ፤ በሩም ከኋላቸው ተዘጋ። በመስታወቱ ውስጥ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።