የመጨረሻዋ ነጭ ቡችላ

ጨለለቂ ሰፈር፣ ከባጃጅ መቆሚያው አጠገብ የሚቀመጡትን ሽማግሌ ስማቸውን ውሻ አርቢዋ ቦንቱ አታውቅም። ጸጉራሞቹን ትንንሽ የፈረንጅ ውሾች የሚያረባ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይመጣል። ክርኑ የተጣፈ ኮታቸውን መሬት ላይ ያነጥፋሉ፤ ቡችላውን ያቆሙበታል፤ ዓይናቸውን ጨፍነው የኋላ እግሩን ይዳስሳሉ። የጉልበቱ ሎሚ ከቦታው የሚንሸራተት ከሆነ፣ ጉድለቱ ወደ ልጆቹም ይተላለፋልና፣ "ለቤት ይሁን፤ ለዘር አይሆንም" ይላሉ።

ዛሬ ያነጠፉት ለራሳቸው ቡችላ ነው። ድሮ ዘበኛ ሆነው ያገለገሏቸው ፈረንጆች አገር ሲለቁ ጥንድ ነጫጭ ውሾች ትተውላቸው ነበር፤ ከዚያ ዘር የቀረችው ይህቺ አንድ ፍሬ ቡችላ ናት። እሳቸውና ቦንቱ፣ ቡችላዋ ስታድግ ከቦንቱ ወንድ ውሻ ጋር ሊያገናኟት ተስማምተዋል።

ሽማግሌው ዳሰሱ። ደግመው ዳሰሱ። ዓይናቸውን ሳይገልጡ ቆዩ።

"ምነው አባኮ፣ እንቅልፍ ወሰደዎት እንዴ?" ብላ ቀለደች ቦንቱ።

"ይንሸራተታል፣ ልጄ።"

"ታዲያ ማን ያውቃል? ዝም ይበሉ!"

"የስንቱን ሰው ውሻ ስመልስ ኖሬ?"

ቡችላዋ ጣታቸውን ትልሳለች። እሳቸው ጸጉሯን በመዳፋቸው ቀስ አድርገው አስተኙትና፣

"እንዳትወልድ የሚያደርግልኝ የከብት ሐኪም ዛሬ ይገባ ይሆን?" ሲሉ ጠየቁ።