ለአበባ የሰጠሁት ጉርሻ

ለአበባ ክትፎ ያጎረሰ ሰው አይታችሁ ካላወቃችሁ፣ እኔ ነኝ። ሃምሳ ዓመት አልፎኛል፣ ፓርክ ሮያል መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት፣ ያንን የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ያስነዱኛል። እምነት ይጣልብኛል ማለት ነው።

አበባዋ የጎረቤቴ ናት። ቶተንሃም እኛ ሕንፃ ላይ፣ ከኔ ፎቅ በላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ጡረታ እስኪወጡ አትክልተኛ ነበሩ። ከዘር ነው ያሳደጓት። ቅጠሏ እንደ አፍ ይከፈታል፤ ዝንብ ሲያርፍበት ግጥም ብሎ ይዘጋና ትበላዋለች። አገሯ አሜሪካ ነው፣ ባሕር አጠገብ ያለ ረግረግ የጥድ ጫካ። እሳት በየጊዜው ቁጥቋጦውን ካልጠረገላት ፀሐይ አታገኝም አሉኝ። ዝንብ ማደን የለመደችው ደግሞ አፈሩ ድሃ ስለሆነ ነው። በድህነት አድጋ ሥጋ የምትወድ ከሆነማ ዘመዴ ናት አልኳቸው፤ ሳቁ።

ሁዳዴ ሊያልቅ ሲል ጋሼ ለዳሌያቸው ኦፕሬሽን ሆስፒታል ገቡና እሷን ለኔ አደራ ሰጡኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንቡጥ አውጥታ ነበር፤ ስንት ዓመት የጠበቁት እንቡጥ ነው። የዝናብ ውሃ ብቻ ስጣት፣ መስኮት ላይ ትቀመጥ፣ ምንም እንዳታበላት አሉኝ። እንቡጡ ሲፈነዳ ደግሞ ፎቶውን ይዤላቸው እንድሄድ።

የፋሲካ ለት ጾም ልፈታ ስቀመጥ መስኮቱ ላይ አየኋት። አፏን ከፍታለች። እኛ ደግሞ አፉን ከፍቶ የሚያየን እያለ ብቻችንን መብላት አልለመደብንም። በቅቤና በሚጥሚጣ ከታሸው ክትፎ ትንሽዬ ጉርሻ ሰጠኋት። ግጥም አደረገችው። አንድ ያጣላል ብዬ ደገምኳት፤ እንዳልሰስት ሦስተኛውን ጨመርኩ።

በሳምንቱ የጎረሱት ቅጠሎች ጠቆሩ፣ መሽተት ጀመሩ። ደንግጬ ጉልበት ይሁናት ብዬ ማዳበሪያ ገዝቼ አፈሰስኩባት። እንቡጡ ሳይፈነዳ አንገቱን ደፋ።

ከዚያ በኋላ ሆስፒታል መሄድ አቃተኝ። ጎረቤት ታሞ አለመጠየቅ ምን እንደሚባል አጥቼው አይደለም። ሁለት ጊዜ ብርቱካን ገዝቼ ወጥቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ መንገድ ላይ፣ ፊንስበሪ ፓርክ ስደርስ ምን ብዬ ፊታቸው እቆማለሁ ብዬ ተመለስኩ፤ ብርቱካኑን ባስ ላይ ራሴ ልጬ በላሁት። ሲደውሉልኝ ሥራ በዛ ጋሼ፣ እሷ ደህና ናት እላለሁ። እሺ ይሉኛል። ሌላ ነገር አይጠይቁም ነበር።

ኦፕሬሽኑ አስቸግሯቸው አንድ ወር ያህል ተኝተው፣ በምርኩዝ ተመለሱ። በዚያኑ ቀን የሞተችውን አበባ ከነዕቃዋ ይዤ ወደ እሳቸው ፎቅ ወጣሁ። ሁሉንም ተናዘዝኩ፣ ሚጥሚጣውን ሳይቀር። ሚጥሚጣው ላይ እንኳን ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። ፊታቸው ከስቷል፣ ሸሚዛቸው ሰፍቷቸዋል። አፈሩን በጣታቸው ቆፈር ቆፈር አድርገው ሥሯን አዩና መልሰው አለበሷት።

"ተዋት፣ እሷ እሳት አልፎባትም ትተርፋለች" አሉኝ። "ሥሯ ካልበሰበሰ ትነሳ ይሆናል።"

ይቅርታ ጋሼ፣ አበባዋን ገደልኩብዎት አልኩ።

"እኔ ስለ አበባ አልጠየቅኩህም። በጥየቃ ሰዓት ሌላው ሰው ሁሉ ጠያቂ ይመጣለታል፤ እኔ በሩን አይ ነበር። የሆስፒታሉ ምግብ አልዋጥልኝ ብሎ ነበር" አሉኝ። "ያንን ጉርሻ ለኔ ብታመጣው ምን ነበረበት?"