አካፋ ይዘው የመጡት ሰዎች

የመንቀሳቀሻ ትእዛዝ የደረሰን ነቀምቴ ሳለን ነው። ጊዳ አያና ውስጥ ታጣቂዎች አንድ መንደር ገብተው ሰላማዊ ሰው ፈጅተዋል ተባልን። መንገዱ ጭቃ ስለነበረ ስንደርስ ነግቷል። ገዳዮቹ ሄደዋል። የተረፉት ሰዎች አስከሬኖቹን ዋርካ ሥር አስተኝተው፣ ያገኙትን ጋቢና ነጠላ አልብሰዋቸው ነበር።

ከመንደሩ በላይ ያለውን ኮረብታ ያዝን። ስለ ግዳጅ ሳወራ ወጣቶች ተኩስ ይጠብቃሉ። እዚያ ተኩስ አልነበረም። የነበረው ጥርጣሬ ነው፤ በእሱም የተነሳ ንጹሕ ሰው ከመፍጀት ለጥቂት ነው የተረፍነው።

ረፋድ ላይ ከወንዙ ማዶ ብዙ ሰዎች ብቅ አሉ። ትከሻቸው ላይ ረጃጅም ነገር ተሸክመዋል። በደረታችን ተኛን፤ አነጣጠርን። አዛዣችን ሃምሳ አለቃ ታደሰ «ወንዙን ሲሻገሩ ተኩሱ» አለ። ጣታችን ምላጭ ላይ ነበር።

ከተረፉት አንዷ ሴት ዳገቱን እየሮጠች ወጣች።

«ኧረ በማርያም! የእድራችን ሰዎች ናቸው! ሊቀብሩልን ነው!»

የማዶዎቹ ኦሮሞዎች ናቸው፤ የመንደሩ ሰዎች ደግሞ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች። እድራቸው ግን አንድ ነው። ይህን የነገረን አልነበረም።

ፈትሸን አሳለፍናቸው። አካፋ፣ ዶማና የቃሬዛ እንጨት ነው የያዙት። እነሱ ሲቆፍሩ እኛ ከኋላቸው መሣሪያ ደግነን ቆምን። አንድ ሽማግሌ ግን አልቆፈሩም። ከአስከሬን ወደ አስከሬን እየሄዱ ፊት ይገልጣሉ።

ሃምሳ አለቃ «እየቆጠረ ነው» አለኝ። «ለማን ሊያወራ ነው?»

እውነት መሰለኝ። ሄጄ ክንዳቸውን ጨበጥኩ። አባቴን የሚያህሉ ሰው ናቸው።

«አንተ፣ ምንድነው የምትፈልገው?»

«ኢንተላ ኮ» አሉ፤ ቀጥለውም በአማርኛ፦ «ልጄን። እዚህ ነው ያገባችው።»

ለቀቅኳቸው። ከጥግ በኩል አገኟት። ነጠላውን መልሰው አለበሷትና ከባሏ አጠገብ እንዲቆፈርላት ለመኑ።

ቀብሩ ሲያልቅ መሽቶ ነበር። ሟቾቹን ሲቀበሩ ቆጥረናቸው ነበር፤ ሴቶችና ሕፃናት ከወንዶቹ ይበዙ ነበር።

ዛሬ ከሠራዊቱ ተሰናብቼ ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር እኖራለሁ። የዚያ መንደር እድር ለሁለት ተከፍሏል ይላሉ፤ ሁሉም የየራሱን ይቀብራል። እኔም በሬ ሲንኳኳ በመስኮት ሳላይ አልከፍትም። ሰው ማመን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም።

አምና እኒያን ሽማግሌ ገበያ ላይ አገኘኋቸው። ኦቦ ገመቹ ይባላሉ። ያወቁኝ እሳቸው ናቸው።

«ኦቦ ገመቹ፣ ያን ቀን ተጠራጥሬዎት ነበር» አልኳቸው።

የያዙትን ዘንቢል መሬት አስቀመጡ።

«ገዳዮቹ የናንተን የመሰለ ልብስ ለብሰው ነበር አሉ» አሉኝ። «እኔ ግን ማናችሁ ብዬ አልጠየቅኳችሁም። ዝም ብዬ ወደናንተ መጣሁ።»