የባንቺአየሁ ታይፕ

ባንቺአየሁ ጎንደር ከተማ፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበረች። ዘመኑ ሁሉም ሰው ጓድ የሆነበት ነው፤ ዘበኛውም ጓድ፣ ሥራ አስኪያጁም ጓድ። የአማርኛ ታይፕ ደግሞ ፊደሉን አንዴ፣ ካዕብ ሣልስ የሚያደርገውን ቅጥያ አንዴ ነው የሚመታው። ቅጥያዎቹ የተቀመጡት ትንሿ ጣት ሥር ስለነበር ማታ ማታ የሚያማትን ጣቷን በቅቤ ስታሽ ጎረቤት ያየ ሁሉ «ቡዳ በላት» ብሎ አወራ።

አንድ ቀን ታይፑን አዝላ ሰዓት ጠጋኙ አያ ሐብተ ማርያም ዘንድ ሄደች።

«አያ፣ እነዚህን የፊደል ብረቶች አንስተው እኔ በምልዎት ቦታ ይበይዱልኝ።»

«ምነው? የመንግሥት ዕቃ አይደለም እንዴ፣ አንቺ?»

«ጣቴስ የማን ነው?»

ሰውየው ስቀው ሠሩላት። ብዙ ጊዜ የሚመቱት ፊደሎችና ቅጥያዎች ወደ ጠንካራ ጣቶቿ መጡ። ቅጥያው ተነሥቶ ባዶ በቀረ አንድ ቁልፍ ብረት ላይም «ጓድ» የሚለውን ቃል ሙሉውን አሳንሰው ቀረጹላት። የቁልፎቹ ፊት ግን እንደ ድሮው ቀረ፤ እሷ እንደሆነ አታየውም። በሁለት ወር ውስጥ እንደ ዝናብ መጻፍ ጀመረች።

ሥራ አስኪያጁ ጓድ ላቀው የሚስቱን የእኅት ልጅ ትርንጎን ከማክሰኝት አመጣ። ሥራው ለትርንጎ፣ ባንቺአየሁ ደግሞ ወደ ገጠር፣ ወደ ኮላ ድባ እንድትዛወር ታስቧል። ለወጉ ያህል ውድድር ተባለ፤ በዚያው ታይፕ፣ አንድ ዓይነት ደብዳቤ።

ቀድማ የተቀመጠችው ትርንጎ ናት። ቁልፉን እያየች፣ ምላሷን እያወጣች መታች። ላቀው ወረቀቱን አንስቶ አየና ፊቱ ተለወጠ። አንድም የሚነበብ ቃል የለም፤ በየመሐሉ ብቻ ጓድ፣ ጓድ፣ ጓድ ይላል።

«ይህ የምስጢር ጽሑፍ ነው! ከማን ጋር ነው የምትጻጻፊው?»

ትርንጎ ማልቀስ ጀመረች። በዚያ ዓመት እንዲህ ያለ ጥያቄ የተጠየቀ ሰው ማታ ቤቱ አይገባም። ባንቺአየሁ ዝም ብትል ሥራው የእሷ ነበር።

«ልጅቱን ይተዋት» አለች። «ፊደሎቹን ያዘዋወርኩት እኔ ነኝ።»

«አብዮቱ ላይ አሻጥር ሠራሽ ማለት ነው?»

«አፍጥኜዋለሁ እንጂ። ጓድ ለማለት አራት ጊዜ እመታ ነበር፤ አሁን አንዴ ነው።»

ላቀው አልሳቀም። ወዲያው ኮላ ድባ ተባለች። የዝውውሩን ደብዳቤ በዚያ ታይፕ የሚጽፍ ሌላ ሰው ስላልነበረ ራሷ ጻፈችው፤ በአራት ደቂቃ፣ ያለ ስርዝ። ላቀው ፈረመ፤ እሷ ሄደች።

በማግስቱ ለክፍለ ሀገር የሚላክ ሪፖርት የሚጻፍበት ቀን ደረሰ። ትርንጎ እስከ ማታ ሦስት መስመር ጻፈች፤ ሦስቱም የማይነበቡ። አያ ሐብተ ማርያምን ወደ ድሮው ይመልሱት ቢሏቸው፣ «የድሮውን ማን አስታውሶት!» አሉ። በአራተኛው ቀን ኮላ ድባ ድረስ ማኪና ተላከ።

ባንቺአየሁ አቧራ ለብሳ ገባች። ወንበር ስባ ትርንጎን አጠገቧ አስቀመጠችና የነጠላዋን ጫፍ ቁልፎቹ ላይ ጣል አደረገች።

«እትዬ፣ ምኑን አይቼ ልምታ?»

«ማየቱ ነው ያሳሰተሽ» አለቻትና ጣቶቿን ይዛ ከጨርቁ ሥር አስገባቻቸው።