ላሚቱ የምታውቀው ቀሚስ

ላሚቱ ጥጃዋ የሞተችባት በመስከረም መጨረሻ ነው። አንድ ወር ከምናምን ያደገች ቀይ ጥጃ ነበረች። ጠዋት ስንነሣ እንሰቱ ሥር ተጋድማ አገኘናት። ምን እንደገደላት እስካሁን አላውቅም። ባለቤቴ አጠገቧ ቁጭ ብላ ግንባሯን ስታሻሽ ቆየች፤ ላሚቱ በረት ውስጥ ሆና ትጮኻለች።

እኔ የገጠር ልጅ ነኝ። ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት በየሰው ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ ስመታ ነው። የከብት ነገር ግን ከአባቴ አይቻለሁ። ጥጃ ስትሞት እናቲቱ ወተቷን ትይዛለች። ያኔ አባቴ ቆዳውን ገፎ፣ ገለባ ሞልቶ ይሰፋውና ጨው ነስንሶበት እፊቷ ያቆመዋል። እሷም ጨውን ስትልስ ልጄ ናት ብላ ወተቷን ትለቃለች። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። እግር የሌለው፣ ዐይኑ የተሰፋ ነገር ሠርቼ አቆምኩላት። ላሚቱ አሸተተችው። ከዚያ ላሰችው። ወተቱም ወረደ።

ባለቤቴ እያለበች ነበር። ድንገት ባልዲውን አስቀምጣ ተነሣች።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ነገር ከፊቷ አንሣልኝ!»

«ምን አደረገሽ? ወተቱ መጣ አይደል?»

«እናት እኮ ናት። ልጇ መሞቷን እያወቀች ነው የምትልሰው። ዐይኗን አታየውም? አታታላት!»

«ላም ደግሞ ምን ታውቃለች?»

«ካንተ የተሻለ ታውቃለች» አለችኝና ቆዳውን በሁለት እጇ ታቅፋ ወስዳ ከአጥሩ ጥግ ቀበረችው።

በማግስቱ በርጩማዋን ስባ ላሚቱ ጎን ተቀመጠች። ቀስ ብላ አወራቻት። ምን እንዳለቻት ሁሉንም አልሰማሁም፤ «አዎ፣ ሞታለች፤ አዎ፣ እኔም አዝኛለሁ» ስትል ግን ሰምቻለሁ። ሦስት ቀን ፈጀባት። በሦስተኛው ቀን ወተቱ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ላሚቱ ከባለቤቴ እጅ በቀር የማንንም እጅ አልቀበልም አለች።

የባለቤቴ ነገር እንዲህ ነበር። ግቢያችን ኮልፌ፣ ከወንዙ በላይ ነው። ሰፊ አይደለም። እንሰት አለ፣ ጎመን አለ፣ አንድ የኮክ ዛፍ አለ። እሷ ግን የሁሉም አደረገችው። ከታለበው የመጀመሪያው አረፋ የድመቷ ነው፤ በሰርዲን ቆርቆሮ ይቀርብላታል። በተሰበረ ገበቴ ለወፎች ውኃ ይቀመጣል። ከወንዙ የሚመጡ መንቁራቸው ቆልማማ ጯሂ ወፎች ጎመኑ መሀል ገብተው ትላቸውን ይለቅማሉ፤ ከቆሼ በኩል የሚመጣው ጭልፊት ጣሪያው ላይ ተቀምጦ ያያል። ከአጥሩ ጥግ ደግሞ ሸለምጥማጥ ጉድጓድ አለው። ሁለት ዶሮ በልቶብን ጉድጓዱን በድንጋይ ልደፍን ስል፣ «ዶሮዎቹን ዝጋ እንጂ እሱን ምን አድርግ ትለዋለህ? ቤቱ ነው» ብላ ከለከለችኝ።

ለማለብ የምትለብሰው አንድ ቀሚስ ነበራት፤ አረንጓዴ፣ ትንንሽ አበባ ያለበት። በረቱ ውስጥ ሚስማር ላይ ነው የሚሰቀለው። ሲያድፍባት በውኃ ብቻ ታለቀልቀዋለች። «ሳሙና ከነካው አታውቀኝም» ትል ነበር።

በኅዳር ባለቤቴ ሞተች፤ አላህ ይዘንላት። የተኛችው አራት ቀን ብቻ ነው፤ እስከ ሦስተኛው ቀን እየተደገፈች ወጥታ ላሚቱን ታልብ ነበር። ለቅሶ ላይ ሳለን ጎረቤቶች ላሚቱን ሊያልቡ ሞከሩ። አንዱን ረገጠችው፣ የሌላዋን ባልዲ ደፋችው። ልጄ ዓለም ባንክ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው፤ በለቅሶው ሁለተኛ ቀን፣ «አባባ፣ እርስዎ ብቻዎን አይችሏትም፣ ትሸጥ» አለችኝ። ላሚቱን ባለቤቴ ከጊደርነቷ ጀምሮ በእጇ ያሳደገቻት ናት። ከእጇ የቀረችኝ ነፍስ ያላት ነገር እሷው ነበረች። «ወተት እስከሰጠች ድረስ አትሸጥም» አልኩ። «እሺ፣ ከሰጠች» አለችኝ።

ያኔ ነው ቀሚሱን ያየሁት።

ወንድ የሴት ልብስ መልበሱ በሃይማኖታችን ነውር ነው። ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት ተመልሼ በረቱን ከውስጥ ዘግቼ፣ አላህን ይቅርታ እየጠየቅኩ ለበስኩት። እኔ አጭር ነኝ፣ እሷ መለሎ ነበረች፤ ልክ ሆነኝ። ሻሿንም አሰርኩ። ላሚቱ ደረቴን አሸተተች፣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፣ ወተቷንም ለቀቀች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቢው ተለወጠብኝ። ቀሚሱን ለብሼ በሩን ስከፍት ከቀብሩ ጀምሮ ተኝቶ የነበረው ውሻችን ተነሥቶ ይከተለኛል። ድመቷ መጥታ ጎኗን በቀሚሱ ጫፍ ላይ ታሻለች፤ በእኔ ሱሪ አንድም ቀን ታሽታ አታውቅም። ሸለምጥማጡ ሳይቀር አንድ ጠዋት ከጉድጓዱ ግማሽ አካሉን አውጥቶ ዝም ብሎ አየኝ። ያየው እኔን እንዳልነበረ አውቃለሁ። በነዚህ ሁሉ ዐይን መሀል ስሄድ እኔ የት እንዳለሁ ይጠፋብኝ ነበር። ቀስ በቀስም እንደ እሷ ማውራት ጀመርኩ፤ «ነይ የኔ እናት፣ እግርሽን አንሺ» እያልኩ፣ ቃሉንም ድምፁንም።

አንድ ቀን ወተት የምትወስደው ጎረቤታችን ቀድማ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። ጆጓ ከእጇ ሲወድቅ ሰማሁ።

«ጋሼ! ጋሼ የት ነዎት?»

ቀሚሱን አውልቄ እስክወጣ ፊቷ አመድ መስሏል።

«እማማን ሰማኋቸው። ወላሂ፣ ላሚቱን ሲያናግሩ ሰማኋቸው!»

«እኔ ነኝ እኮ።»

«እርስዎማ እንዲህ ያለ ጥሩ ድምፅ የለዎትም» አለችና ሳቀች። ግን ከዚያ ወዲያ ከበሩ አላለፈችም።

በጥር አንድ እሑድ ፉርሽካ ልገዛ አየር ጤና ሄጄ ስመለስ ቀሚሱ ግቢው መሀል ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ነፋስ ገብቶበት ደረቱ ተነፍቷል፣ እጅጌው ይወዛወዛል። ውሻው ከሥሩ ቁጭ ብሎ አንጋጦ ያየዋል። ኩንታሉን ከትከሻዬ ማውረድ አቃተኝ። ልጄ እጇን እየጠረገች ከቤት ወጣች። ዐይኗ ቀልቷል።

«አባባ፣ የእማዬ ቀሚስ እበት ውስጥ ተሰቅሎ ዝም ይላሉ? ሁለት ጊዜ በሳሙና አሽቼው ነው የጠራልኝ። ይኸው፣ አዲስ መሰለ።»

«አላህ ይስጥሽ ልጄ» አልኳት። ስትሄድ ፊቴን ቀሚሱ ውስጥ ቀበርኩ። ሳሙና፣ ሳሙና ብቻ ነው የሚሸተው።

በማግስቱ ለብሼው ገባሁ። ላሚቱ አሸተተችኝ፣ ራቀችኝ፣ ባልዲውን በእግሯ አሽቀነጠረችው። በሁለተኛው ቀን ግቷ ጠጠረ። የከብት ሐኪም አስመጣሁ፤ መርፌ ወጋት፣ ትንሽ ወረደና ቆመ። «አባባ፣ እስከ ነገ ካልለቀቀች ግቷ ይበላሻል። ከዚያ ለሥጋ ካልሆነ ለምንም አትሆን» አለኝ። ልጄ ደውላ ሰማች። «ነገ ረፋዱ ላይ ገዢ ይዤ እመጣለሁ። ይበቃዎታል አባባ» አለች። ላሚቱ ወተቷን ለምን እንደያዘች ነገርኳት፤ ቀሚሱን እንደምለብሰው፣ ሁሉንም። ከዚያ፣ «ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ...» ብላ አለቀሰች።

በነጋው ከሱብሒ መልስ ቀሚሱን አጣጥፌ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። በራሴ ኮት፣ በራሴ ቆብ ገባሁ። በርጩማውን ስቤ ተቀመጥኩና ግንባሬን ጎኗ ላይ ጣልኩ። ከጎኗ የሚወጣው ሙቀት ያስፈራ ነበር። ገለባ የሞላሁበት ቆዳ ትዝ አለኝ፤ «አታታላት» ያለችኝም። ሁለት ወር ሙሉ ያንኑ ነገር ነበር የሠራሁት፤ ቆዳውን ራሴ ለብሼው።

«ሞታለች» አልኳት። እስከዚያች ሰዓት ለማንም በዚህ ቃል ተናግሬው አላውቅም፤ «ሄደች»፣ «ተለየችን» ነበር የምለው። «አዎ፣ ሞታለች። በቀሚሷ ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

ላሚቱ ማመስኳቷን አቆመች። ራሷን አነሣች፣ ጆሮዎቿን አቀናች፣ ከትከሻዬ በላይ ወደ በሩ አየች። በሩ ላይ የተኛው ውሻም ጅራቱ መሬቱን ሲመታ ይሰማኛል፤ ቀስ እያለ፣ ሰው ሲቀርበው እንደሚያደርገው። ከዚያ ግቷ ከእጄ ሥር ላላ። «ቢስሚላህ» አልኩና ጀመርኩ። ወተቱ መጀመሪያ ወፍራም ነበር፣ ቆይቶ ጠራ። እስክጨርስ ላሚቱ ዐይኗን ከበሩ አላነሣችም። እኔም ዞሬ አላየሁም።

ልጄ ረፋዱ ላይ መጣች። የሞላውን ባልዲ አይታ ገዢውን ከደጅ መለሰችው። ላሚቱ ይኸው አሁንም አለች።

ያን ጠዋት ግን ልጄ ከመምጣቷ በፊት የድመቷን አረፋ በሰርዲን ቆርቆሮ ይዤ ወጥቼ ነበር። ድመቷ ወደ እኔ አልመጣችም። ከእንሰቱ ፈንጠር ብላ፣ ባዶ መሬት ላይ ቆማ፣ ጀርባዋን አጉብጣ፣ ጎኗን በቀሚሱ ጫፍ ላይ ታሽ እንደነበረው ወዲህ ወዲያ ታሻለች። አጠገቧ ግንድም የለ፣ ድንጋይም የለ። ቆርቆሮውን እዚያው በቆምኩበት አስቀመጥኩና፣ በዚያ ቦታ መሀል ላለመርገጥ በጎመኑ በኩል ዞሬ ወደ ቤት ገባሁ።